ከእናንተ በምን ይለያሉ?

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ዘረኝነት ማውራት የሚቸግረው ሰው አላጋጠመኝም። ከሐይቁ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሁሉንም ይሰማል፦ ዓረብ አገር በቀለሟ የተሰደበችውን እህት፣ ብሔሩ ተጠይቆ ከአውቶቡስ የወረደውን ተሳፋሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሚኒያፖሊስ ላይ በፖሊስ ጉልበት ሥር ትንፋሽ አጥቶ የሞተውን ጆርጅ ፍሎይድን። ተናጋሪው ይቆጣል፤ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ቁጣው ተገቢ ነው፣ አንዱንም በደል ላሳንሰው አልፈልግም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው። ከዚያው ቡና ቤት በእግር ጥቂት ከተሄደ በኋላ ደንገል በሚባለው የሐይቅ ዳር ቄጠማ አጥር ተከልለው የሚኖሩት ወይጦዎች ሲነሡ፣ ያ ሁሉ አንደበት ይተሳሰራል። “እነሱ እንኳ የድሮ ነገር ነው” ይባልና ወሬው ይቀየራል።

ሥራዬ ጎብኚ በጀልባ ይዞ ገዳማቱን ማሳየት ነው። እንግዳ እንደ ልብ በሚመጣበት ጊዜ ብዙ የዓለም ሕዝብ አጠገቤ ተቀምጦ ጣናን ተሻግሯል። ወደ ክብራን ገብርኤልም ሆነ ወደ ዘጌ ለመሄድ ከወደቡ ስንነሣ፣ ዳር ዳሩን በደንገል ታንኳ ተቀምጠው መረብ የሚጥሉ ሰዎች ይታያሉ። ካሜራው ይወጣል። ቀጥሎ ጥያቄው ይመጣል፦ “እነዚህ እነማን ናቸው?” ወይጦ ይባላሉ፣ ራሳቸው ነገደ ወይጦ መባልን ይመርጣሉ እላለሁ። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፦ “ከእናንተ በምን ይለያሉ?”

በመልክ አንለይም። በቋንቋም አንለይም። ጥንት የራሳቸው ቋንቋ እንደነበራቸው ይነገራል፣ ነገር ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አጥኚዎች ሲደርሱባቸው የሚናገሩት አማርኛ ነበር፤ የጥንቱ ቋንቋ ሳይጻፍ ጠፍቷል። ዛሬ የወይጦ ልጅ አፉን የሚፈታው እንደ እኔ በአማርኛ ነው፣ በዚያውም በጎጃሙ ለዛ። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ወደዚህ ሲመጣ ስለ ወይጦዎች ጽፏል፤ ጣና ዳር እንግዳ እንዳልሆኑ ለማወቅ ይህ ይበቃል። የተለዩት ጉማሬ አድነው በመብላታቸው ነው። ክርስቲያኑ ጉማሬ እርኩስ ነው አለ፣ ሙስሊሙም ሐራም ነው አለ። ወይጦው ራሱን ሙስሊም ነኝ ቢልም ሌላው ሙስሊም ለብዙ ዘመን አልተቀበለውም። ዛሬ ጉማሬ የሚያድን የለም፣ መስጊድ ገብተው ይሰግዳሉ፣ ልጆቻቸውም ይማራሉ። ስሙ ግን አብሮ አልጠፋም።

እዚህ ላይ ልብ የሚያደማ ነገር አለ። ጉማሬው የተናቀው በአፍ ሲገባ ብቻ ነው። ከቆዳው የሚወጣው አለንጋ በትልልቅ ሰዎች ቤት ግድግዳ ላይ በክብር ይሰቀል ነበር። ወይጦው የያዘው ዓሣ በጾም ቀን በክርስቲያኑ ገበታ ላይ ቀርቧል። ወይጦው በሠራው ታንኳ መነኩሴውም ነጋዴውም ተሻግሯል፣ የዘጌ ቡናና ማገዶም ባሕር ዳር ገበያ ደርሷል። ሁሉም የእጁን ሥራ ወሰደ፤ እጁን ግን አልነካም።

ታንኳ ሲሠራ ቆሞ ያየ ሰው ሙያውን አይንቅም። ደንገሉ ከውኃው ዳር ይታጨዳል፣ እርጥበቱ እስኪጎድል ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ከዚያ በነዶ በነዶ ይታሰራል። ሚስማር የለም፣ ሙጫ የለም። ሠሪው በእግሩ እየረገጠ፣ በጥርሱም በእጁም እየጎተተ ያጠብቀዋል፤ ፊቱን ወደ ላይ ያሾለዋል። ውኃ ሲጠጣ እየከበደ ስለሚሄድ ወደ ዳር እየወጣ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ስለዚህ ሙያው ያለማቋረጥ ደንገል ይፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

በአንድ ወቅት አብራኝ የሄደች ጥቁር አሜሪካዊት መምህርት ነበረች። በአገሯ ዘረኝነት ሕግ ነበረው፦ የተለየ ትምህርት ቤት፣ የተለየ የውኃ ቧንቧ፣ የተለየ የአውቶቡስ ወንበር፣ ይህም እ.ኤ.አ. እስከ 1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ድረስ ጸንቶ የቆየ። መንግሥቷ ከመጀመሪያው የ1790 ቆጠራ ጀምሮ ሰዉን በቀለም ለይቶ ይቆጥራል። ስለዚህ የምትጠይቀኝ ሁሉ በሕግና በቁጥር ነበር። ሕጉ ይከለክላቸዋል? አይከለክልም። ትምህርት ቤት ይገባሉ? ይገባሉ። ፖሊስ ለይቶ ይይዛቸዋል? እንደዚያ ሲባል አልሰማሁም። ግራ ተጋባች። “ታዲያ መለያየቱ የቱ ላይ ነው?” አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ በአጋጣሚ አንድ ሠርግ አየን። የክርስቲያን ሠርግ ነው፣ ግን ሁለት ዳስ ተጥሏል፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው ለሙስሊሙ እንግዳ። መምህርቷ ፊቷ ተለወጠ። “ይኸው አገኘሁት” አለች። የማታውቀውን አገር በምታውቀው ቁስል ስታነብ አየሁ፤ አልፈረድሁባትም። አያቷ ለብቻ ወንበር የተቀመጠች ሰው ሁለት ዳስ ስታይ ሌላ ምን ታስብ?

ግን እዚያ ሁለተኛ ዳስ ውስጥ የነበረው ነገር የአገሯ ተቃራኒ ነው። ደጋሹ ክርስቲያን በጉን ከነነፍሱ ለሙስሊም ጎረቤቱ ያስረክባል። ጎረቤትየው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል። ድስቱና ሳህኑ ከሙስሊም ቤት ይመጣል፣ የሚያበስሉት የሙስሊም ሴቶች ናቸው፣ በጠላው ፋንታ ቅሪቦ ይቀርባል። ደጋሹ ሁለቴ ያወጣል፤ እንግዳው ሃይማኖቱን ሳይጥስ እንዲበላ፣ ተርቦም እንዳይሄድ። አሳላፊው ሲያልፍ “ብሉልን፣ ጠጡልን” ይላል። በሌላ ቀን ሙስሊሙ ሲድር ይኸው ነገር ተገልብጦ ይደገማል። እንዲህ ያለው መለየት የተፈለገ ሰው ምልክት ነው።

መጠየቅ የነበረበት፣ በእነዚህ ሁለት ዳሶች መሐል ወይጦው የት ይቀመጥ ነበር የሚለው ነው። በድሮው ሥርዓት የትም። ክርስቲያኑ ዳስ ውስጥ ሙስሊም ነህ ይባላል፣ ሙስሊሙ ዳስ ውስጥ ጉማሬ በሊታ። ለእሱ የሚጣል ሦስተኛ ዳስ አልነበረም። ሰሌዳም ስላልተሰቀለ፣ የከለከለው ሕግም ስላልነበረ፣ ፎቶ የሚነሣ ማስረጃ የለም። ይህን ለመምህርቷ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ “በእኛ አገር ቢያንስ ሰሌዳው ነበር፤ የምናወርደው ነገር ነበረን” አለች። ይህ ንግግሯ ከጆሮዬ አልወጣም።

  

ፈረንሳዮች ደግሞ ጥያቄውን ከነጭራሹ አይወዱትም። የአገራቸው እ.ኤ.አ. የ1958 ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው አንቀጽ ዜጎች ያለ ዘር፣ ያለ ትውልድ፣ ያለ ሃይማኖት ልዩነት በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮም ሰውን በዘር መዝግቦ መያዝ በሕግ የተገደበ ነው። ከሊዮን የመጣ አንድ ሽማግሌ “ማን ማን እንደሆነ ለምን ትነግረኛለህ? መለየቱን የምትጀምረው አንተ ነህ” ብሎኝ ነበር። አክብሬ ሰማሁት፤ ከናዚ ዘመን በኋላ ሰውን በዘር ለመመዝገብ የሚፈራ አገር ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ነገር ግን የእኛም የከተማ ጨዋነት የሚለው ይህንኑ ነው፤ አታንሣው፣ ካነሣኸው ታቆስለዋለህ። ያላነሡት ቁስል ሲድን አላየሁም።

ሳላስረዳው የተረዳኝ ጃፓናዊ ነው። መሐንዲስ ነበር፣ ወሬ አያበዛም። የደንገሉን ሥራ ለረጅም ጊዜ ተመልክቶ “የእነዚህ ሰዎች አያቶች ሥራቸው ምን ነበር?” ሲል ጠየቀኝ። ነገርሁት። ቀጥሎ “ልጅ ስታጋቡ ቤተሰቡ ያጠናል?” አለኝ። እዚያ ላይ ወንበሬን ወደ እሱ አዞርሁ።

በጃፓን ቡራኩ የሚባሉ ሰዎች አሉ። አያቶቻቸው ከብት የሚያርዱ፣ ቆዳ የሚፍቁ፣ ሬሳ የሚያነሡ ነበሩ። ከሌላው ጃፓናዊ በመልክም በቋንቋም በስምም አይለዩም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1871 ያንን የተዋረደ የትውልድ ደረጃ በአዋጅ ሰረዘ። ሆኖም ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1975፣ የቡራኩ መንደሮችን ስም ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ በድብቅ ለድርጅቶች ይሸጥ እንደነበር ተጋለጠ፤ ድርጅቶቹ ሥራ ፈላጊው ከየትኛው መንደር እንደሆነ የሚያጣሩበት ነበር። ሙሽራም እንደዚሁ ይጣራ ነበር። ያለ ቀለም፣ ያለ ቋንቋ፣ በሰፈር ስም ብቻ የሚሠራ መድልዎ።

እኛስ? ልጁ ሽማግሌ ልላክ ሲል ከቤት የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ “ከማን ወገን ናት?” ነው። ሰባት ቤት መቁጠራችን ለመልካም ነው፣ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው፤ በዚህ እኮራለሁ። ችግሩ ከቆጠራው ጋር ተያይዞ የሚሄደው ሌላ ሹክሹክታ ነው። “አጥንታቸው እንዴት ነው?” ይባላል። “ሸክላ ሠሪ አለባቸው?” “ቡዳ ናቸው ይባላል እኮ።” “አያቷ ገረድ ነበረች፣ የተገዛች።” ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቀርቷል፤ ሕግ ያወጀውን ግን የጋብቻ አጥኚ አክስት ገና አልሰማችም። ዘር ከልጓም ይስባል እየተባለ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ይቀራል፣ ለምን እንደቀረም አይነገረውም። “ልጁ ገና ይማራል” ይባላል። ሁሉም በትሕትና፣ ሁሉም በፈገግታ።

ለዚህ ነው ከአሜሪካኖች የተማርነው መለኪያ እዚህ የማይበቃው። ጥላቻ የት አለ ብሎ የሚፈልግ ሰው በባሕር ዳር ብዙ ላያገኝ ይችላል። ወይጦን የሚጠላ ሰው እምብዛም አላውቅም። የሚያዝኑላቸው፣ የሚመጸውቱ፣ “ምስኪኖች” የሚሉ ብዙ ናቸው። አብሬ ልብላ፣ ልጄን ልስጥ የሚል ግን ስንት ነው?

የመንግሥታችን አነጋገርም ሌላ ክፍተት አለው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 በዘር፣ በብሔር፣ በቀለም፣ በማኅበራዊ አመጣጥ፣ በሌላም ልዩነት ሳይደረግ ሁሉም እኩል ነው ይላል፤ ቃሉ ሙሉ ነው። ቁም ነገሩ ሥራ ላይ የሚውለው ግን በብሔረሰብ ነው፣ ብሔረሰብም በአብዛኛው በቋንቋና በመሬት ይታወቃል። በክልላችን አዊ የብሔረሰብ ዞን አለው፣ ዋግ ኽምራ አለው፣ ኦሮሞው አለው፣ አርጎባም ልዩ ወረዳ አለው። ይህ ለእነሱ የሚገባቸው ነው። ቋንቋው የሞተበት፣ መሬቱ የውኃ ዳር የሆነበት ሕዝብ ግን በዚህ ወንፊት ያልፋል። አሜሪካ በቀለም ስለምትቆጥር እሱን አታየውም፣ ፈረንሳይ ስለማትቆጥር አታየውም፣ እኛ ደግሞ በቋንቋ ስለምንቆጥር አላየነውም።

ሕንድ በዚህ በኩል ትመክረናለች። በሥራና በትውልድ የተናቁትን ለይታ መዝግባ፣ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 17 አይነኬነትን ከልክላለች። ያው መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2001 ደርባን ላይ በተካሄደው የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ዘረኝነት ጉባኤ የካስት፣ ማለትም ሰውን በትውልድ ደረጃ የመከፋፈል፣ ጉዳይ ከዘረኝነት ጋር እንዳይነሣ ተከራክሯል። ቤት ውስጥ የታመነው አደባባይ ላይ አልተፈለገም። በዓመቱ የድርጅቱ የፀረ ዘር መድልዎ ኮሚቴ በትውልድ የሚደረግ መድልዎ ካስትንም ያካትታል ሲል አስታወቀ። ኢትዮጵያ ኮሚቴው የሚከታተለው የፀረ ዘር መድልዎ ስምምነት አባል የሆነችው በ1968 ዓ.ም. ነው። ነገሩ እኛንም ይመለከታል ማለት ነው።

ከውጭ ብቻ እንዳልጠቅስ፣ ከራሳችን ቤት ላምጣ። ዳግማዊ ምኒልክ በጥር 1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን በሥራው መስደብ ከለከሉ። አዋጁ ሲነበብ የሚሰማው ቁጣ ነው፤ ሥራን በመናቅ አገር ባዶ ይቀራል የሚል የንጉሥ ቁጣ። እንግዲህ ይህን ክፋት ፈረንጅ አላስተማረንም፣ መድኃኒቱንም ፈረንጅ አልነገረን። በራሳችን ቋንቋ፣ በራሳችን ንጉሥ አፍ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ተነግሯል።

ከዚያ ወዲያ ሌላው ንጉሥ መጡ። በመስከረም 1956 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ቆመው፣ የሰው የቆዳ ቀለም ከዓይኑ ቀለም የበለጠ ቁም ነገር የማይሆንበት ቀን እስኪመጣ ጦርነት አይቆምም አሉ። ንግግሩ ዓለምን ዞሯል፣ እኔም ሳነበው ደስ ይለኛል። በከተማችን ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥታቸው አለ። ጎብኚ ይዤ እዚያ ስወጣ ዓባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ አንዳንዴም ጉማሬ ከውኃው ጀርባውን ሲያወጣ ይታያል። ጉማሬውን ሲያድኑ የኖሩት ሰዎች በዚያ ንግግር ውስጥ የሉም፣ ምክንያቱም ቀለማቸው የንጉሡ ቀለም ነው።

ቤተ እስራኤሎችን ሳስብ ይህ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣብኛል። ጎንደር አካባቢ ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ሲኖሩ ጎረቤት ቡዳ ይላቸው ነበር። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በ1988 ዓ.ም. እዚያ የለገሱት ደም በድብቅ ሲጣል እንደቆየ ሲሰማ በሺዎች ሆነው ኢየሩሳሌም ላይ ወጡ። ሰዎቹ አንድ ናቸው። እዚህ በእጃቸው ሥራ የተፈሩት እዚያ በደማቸው ተፈሩ። ባሕር ዳር ያለ ሰው የእስራኤሉን ሲሰማ ወዲያው ዘረኝነት ነው ብሎ ይጮኻል፤ ይጩኽ። የጎንደሩን ግን ተረት ነው፣ የድሮ እምነት ነው ይለዋል። ሁለቱንም ላየችው ቤተ እስራኤላዊት እናት ልዩነቱ ምን ነበር?

በአንድ ክረምት ከወይጦ ሰፈር አንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠን ነበር። በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። ስለ ንቀቱ ደጋግሜ ጠየቅኋቸው። መለሱልኝ፣ ግን እንደ ጠበቅሁት አልነበረም። “ልጄ፣ የናቀን ሰው ድሮም ነበር። ያኔ ግን ደንገሉ ነበረ” አሉኝ።

ዳሩን በእጃቸው እያሳዩ ነገሩኝ። ከተማው እየሰፋ፣ ሆቴሉና መዝናኛው ወደ ውኃው እየቀረበ ሲመጣ ሰፈራቸው ተገፍቷል። ሐይቁ ሲሸሽ የወጣውን መሬት ገበሬው አርሶታል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ መጣ፣ የዓሣውን መንገድ ዘጋ። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህንንም ሰምተዋል። “ደንገሉን ማጨድ ይከለክሉናል ወይስ ደንገሉን ይጠብቁልናል?” ሲሉ ጠየቁኝ። ለእሳቸው መድልዎ ማለት ስድቡ አልነበረም፤ ስለ ዳሩ ሲወሰን እሳቸውን የጠራ ስብሰባ አለመኖሩ ነው። እኔ ስለ ማዕድና ስለ ጋብቻ ሳስብ ኖሬ፣ እሳቸው ስለ አንድ ነዶ ደንገል ነበር የሚያስቡት። ሁለቱም እውነት ነው፣ የሚቀድመው ግን የእሳቸው ነው። የተናቀ ሰው ንቀቱን ሊሸከም ይችላል፤ መተዳደሪያውን ካጣ የሚሸከምበት ትከሻ አይኖረውም።

አዲስ ለሚጀምሩ አስጎብኚዎች አሁን የምነግራቸው ይህን ነው። እንግዳው “ከእናንተ በምን ይለያሉ?” ሲላችሁ “ጥንታዊ ዓሣ አጥማጆች ናቸው” ብላችሁ አትለፉት። በመልክም በቋንቋም እንደማንለይ፣ ስንለያቸው የኖርነው በገበታ እንደሆነ፣ ዳሩም እየጠበበባቸው እንደሆነ በግልጽ ንገሩት። ጀልባውን አቁማችሁ ሰላም በሏቸው። ፎቶ ከመነሣቱ በፊት አስፈቅዱ፣ ስፌትና ታንኳ የሚገዛ ካለ ዋጋውን ራሳቸው ይናገሩ። ቡና ከተጠራችሁም ጠጡ። ከመካከላቸው አስጎብኚ ልሁን የሚል ወጣት ሲመጣ ደግሞ ማኅበሩ ውስጥ አስገቡት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ጥያቄውን እሱ ራሱ ይመልሰው።